ጩኸት ያስተማረችኝ አሰልጣኝ

ትናንት ከክፍል ወጥቼ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የዘንድሮው የጨዋታ ፕሮግራማችን ስልኬ ላይ ገባ። ማቆሚያው ጥላ የለውም። ፀሐዩን በደብተሬ ከልዬ ወደ ታች ሳነብ የአንድ ኮሌጅ ስም ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ፣ ከዚያም ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የነበሩ፣ የሆቴል ዩኒፎርም የለበሱ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ያሳቀኝ ኮሌጁ አልነበረም፤ እዚያ የምትሠራው ሰው ናት። አሰልጣኝ ሬኔ። አምና የእኛ ነበረች፤ ዘንድሮ ተጋጣሚያችን ሆናለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ትዝታ መጻፍ ያስቃል። አባዬ ሲሰማ፣ "ትዝታ እኮ መጀመሪያ ትንሽ መርሳት ይፈልጋል" ብሎ ቀልዶብኛል። ይሁን። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻና 2021 መጀመሪያ ላይ የነበረው ጊዜ ግን፣ ዓለም ሁሉ አፉን ሸፍኖ የኖረበት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ በጣም የራቀ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ አፌን የከፈትኩት ያኔ ነው።

ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጣነው ልጅ ሆኜ ነው። ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት እዚህ ቬጋስ ነው፤ ቁመቴን ያየ ሁሉ ኳስ ስለሚያቀብለኝ። ቁመቱ ከወሎዋ አያቴ የመጣ ነው ይላሉ። በቁመቴም በልፋቴም ኮሌጅ ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ ልክ እኔ ስገባ ግን ሁሉ ነገር ተዘጋ። እማዬ የምትሠራበት ሆቴል ተዘጋ። አባዬ የሚነዳው የኤርፖርት ሻትል ቆመና ከከተማው ውጭ ኤፔክስ በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ያዘ። ትምህርት በላፕቶፕ ሆነ። ቀኑ ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ያልቃል። የእኔ የምለው ነገር ጠዋት ጠዋት ፓርክ ውስጥ የምንለማመድበት የአስፋልት ሜዳ ብቻ ነበር።

ጂሙ ስለተከለከለ ነው ውጭ የወጣነው። መስከረም ላይ ከካሊፎርኒያ ቃጠሎ የሚመጣው ጭስ ተራሮቹን ይሸፍናቸው ነበር፤ ፀሐይዋ ብርቱካን መስላ ትወጣለች። ኳሱ ረፋዱ ላይ ከምጣድ እንደወረደ ነገር ይፋጃል። ማስኩ በላብ ርሶ አፍ ላይ ይለጠፋል። እኔ ግን ያን ሁሉ እወደው ነበር፣ ወላሂ። ጠዋት ጫማዬን የማስረው ገና ሳይነጋ ነው።

ሰው አሰልጣኝ ሲባል ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ነው የሚመስለው። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ኮሌጅ ስገባ ግን አሰልጣኞቹ ራሳቸው አንድ ቡድን ሆነው አገኘኋቸው። ዋናዋ ኮች ዳና ናት፤ ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ የምትለው እሷ ብቻ ናት። አንደኛው ረዳቷ የተጋጣሚዎችን ቪዲዮ እያየ ይውላል፤ የሌላው ቡድን ልጅ በየትኛው እጇ እንደምትጎርስ ሳይቀር ያውቃል። ሁለተኛዋ አዲስ ልጆችን የምትመለምል ናት፤ ያን ዓመት ጉዞ ስለተከለከለ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ በስልክ ስትመለምል ነው የማውቃት። ሬኔ ደግሞ ተጫዋቾችን የማሳደግ አሰልጣኝ ትባላለች። ሌሎቹ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሲያስቡ እሷ የምታስበው የዛሬ ዓመት አንቺ ምን ትሆኛለሽ ብላ ነው። አንድ በአንድ ትይዘናለች፤ የዚችን እግር፣ የዚያችን አንጓ፣ የሌላዋን ልብ። ማን ይሰለፍ በሚለው ላይ ግን ድምፅ የላትም። ሙሽራ እንደሚያስውቡ ሴቶች ናት፤ ሠርጉ የሌላ ነው።

ስለሷ በአማርኛ ስጽፍ "አንቱ" ልበላት እያልኩ ተቸግሬ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ሹሩባዋ ሸብቷል፣ ጉልበቷ ላይ የምታስረው ድጋፍ ስትራመድ ይንቋቋል። ግን የመጀመሪያው ቀን "ሬኔ በይኝ፣ ሌላ ነገር ካልሽኝ እናቴን ፍለጋ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ" ብላኛለች። ትዕዛዟን አከብራለሁ።

የእኔ ችግር አፌ ነበር። በእኛ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት ትልቅ ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት የምታይ፣ ሲጠሯት "አቤት" የምትል፣ ሲያዟት "እሺ" የምትል ናት። በዚህ አንደኛ ነበርኩ፤ እማዬ በጎረቤት ፊት ትኮራብኛለች። ቅርጫት ኳስ ግን እንዲህ አይሠራም። ኳስ የያዘችውን ልጅ የምትከላከለው ተጫዋች ፊቷን ወደ ኳሱ ስላዞረች ከጀርባዋ የሚመጣውን አታይም። የተጋጣሚ ልጅ በቀስታ መጥታ ከጎኗ እንደ ግድግዳ ትቆማለች፤ መንገድ ለመዝጋት ነው፣ የተፈቀደም ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ያለችው ጓደኛ ጮክ ብላ በየት በኩል እንደመጣባት መንገር አለባት። ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እርስ በርስ ስንጫወት አምበላችን ኬይላ ከፊቴ ሆና ትከላከላለች። ኬይላ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፣ እንደ ታላቅ እህት ነው የማያት። ከቡድናችን ሁሉ ወፍራሟ ልጅ መጥታ በግራዋ ቆመች። በደንብ አየሁ። ግን ኬይላን፣ ታላቄን፣ ከጀርባዋ እንዴት ልጩህባት? "እባክሽ" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ የት ቦታ ላይ እንደማስገባው ሳስብ፣ ዷ! ኬይላ ግድግዳው ላይ ተላትማ ወደቀች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ማስኳ ቀላ።

"አላየሻትም?" አለችኝ መሬት ላይ ቁጭ ብላ።

"አየኋት።"

"ታዲያ? ደብዳቤ ልትጽፊልኝ ነበር?"

ሁሉም ሳቁ። ኮች ዳና ግን አልሳቀችም። ጠርታ ስታናግረኝ እንደለመድኩት አንገቴን ደፋሁ፣ የጫማዋን ማሰሪያ እያየሁ "እሺ፣ እሺ" አልኩ። ዞር ስል ለሬኔ የነገረቻትን ሰማሁት፤ እንድሰማውም ይመስለኛል።

"ማስክ አድርገን የቀረን ዓይን ብቻ ነው። እሱንም ትነሳኛለች። የማትናገር ልጅ ሜዳዬ ላይ አትሰለፍም። እስከ መጀመሪያው ጨዋታ ካልተለወጠች ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምትጨርሰው።"

ሬኔ አልተከራከረችም። እኔም ያኔ ደካማ መስላኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት፣ "እኔ አንቺን ማሰለፍ አልችልም። የምችለው ዳና ልታልፍሽ ስትል እንድትቸገር ማድረግ ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ከሌሎቹ ቀድሜ እንድመጣ ነገረችኝ። ስደርስ ከሜዳው ዳር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ራቅ ብዬ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠችኝና ጠየቀችኝ።

"ዓይንሽን ለምን ታወርጃለሽ?"

"ክብር ነው" አልኳት፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ከብርቱካኑ ቀና አለች። "ለኔ ክብር ከሆነ አመሰግናለሁ። ለኬይላ ክብር ከሆነ ግን ከንፈሯን ጠይቂው።"

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስካሁን አልረሳውም። "አገራችሁ ውስጥ ሳይናደድ፣ ሳይሳደብ፣ በትልቅ ሰው ላይ የሚጮህ ሰው የለም? አንድም?"

አሰብኩ። ሰፈሬን አሰብኩ፣ የትምህርት ቤቴን መንገድ አሰብኩ። ድንገት ከአፌ ወጣ፦ "ወያላ!"

የሚኒባስ ታክሲ ረዳት መሆኑን አስረዳኋት። ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ፣ መኪናው ገና ሳይቆም፣ "ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!" ይላል። ሽማግሌ ቢያልፍ ይጣራል፣ ሼክ ቢያልፉ ይጣራል፣ ክራቫት ያሰረ ቢያልፍ ይጣራል።

"አይቀየሙትም?"

"ኧረ ለምን ይቀየሙታል? መኪናው በየት እንደሚሄድ ነው የሚነግራቸው።"

ብርቱካኑን መላጥ አቆመች። "በይ እንግዲህ" አለች፣ "ራስሽ መለስሽው።"

ከሜዳው ጫፍ አቁማኝ እንደ ወያላ እንድጣራ አደረገችኝ። የመጀመሪያው ድምፄ ጅራቷን እንደረገጧት ድመት ነበር። ስኬትቦርድ የሚነዱ ልጆች ቆመው አዩኝ። "እንደገና" ትላለች ሬኔ፣ አፏ ብርቱካን ሞልቶ። ቦሌ። "እንደገና።" ቦሌ! በዚህ መሀል የአባዬ መኪና መጥታ ከአጥሩ ዳር ቆመች። ከኤፔክስ ሺፍቱን ጨርሶ፣ በአይ-ፊፍቲን አውራ ጎዳና ወርዶ፣ ጠዋት ጠዋት ፉል በፔርሙስ ያመጣልኛል፤ ቃሪያው ለብቻ፣ ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሎ። የመጋዘኑን አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰ ዘሎ ወረደ።

"ሀያት! ምን ነካሽ? ከዚህ ቦሌ የሚሄድ አለ?"

ነገሩን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። ምክንያቱን አውቃለሁ። አባዬ በወጣትነቱ፣ ሹፌር ሳይሆን በፊት፣ ወያላ ነበር። እዚህ ለሚያውቁት ሁሉ ግን "ትራንስፖርት ዘርፍ ውስጥ ነበርኩ" ነው የሚለው።

"አባትሽ ያውቅበታል?" አለች ሬኔ፣ ስስቅ አይታኝ ገብቷት። "በይ ያሳየን።"

"ኧረ ተይኝ! ሰው ያየኛል።"

"ማን ያይሃል አባዬ፣ አሜሪካ እኮ ነው።"

"አሜሪካ ስለሆነ ነዋ! ፖሊስ ይጠሩብኛል።"

ግራና ቀኝ ተመለከተ። ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠ። የአጥሩን ብረት እንደ መኪና በር ያዘና ሰውነቱን ወደ ውጭ አዘነበለ፤ በአንድ ጊዜ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። "ፒያሳ! ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!"

እርግቦቹ ከሜዳው ተነሱ። ስኬትቦርድ ከሚነዱት ልጆች አንዱ አጨበጨበ። ሬኔ የታመመ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ ሳቀች። አባዬ ግን አንዴ ከጀመረ የሚያቆም ሰው አይደለም። "ከጉሮሮ አይደለም፣ ከሆድ ነው። ቃሏን አጭር አድርጊያት። ድምፅሽ ከመኪናው ቀድሞ መድረስ አለበት" አለኝ።

ተረጎምኩላት። "ንገሪው፣ ቀጥሬዋለሁ" አለች።

"ኦቨርታይም አለው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ እሳቸውን!"

ሦስታችን ተራርቀን ተቀምጠን ፉሉን በላን። ሬኔ ቃሪያውን ሳንነግራት ገመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳለች። ፊቷን ያለ ማስክ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም በእንባና በሳል መሀል።

ከዚያ በኋላ ድምፄ መጣ፤ እንግሊዝኛዬ ግን ከኋላ ቀረ። ሳይ በአማርኛ ነው የማስበው፣ ተርጉሜ እስክጨርስ ልጅቷ አልፋ ኳሱን ቅርጫት ውስጥ ከትታለች። ሬኔ ይህንንም ደረሰችበት። "ባሰብሽበት ቋንቋ ጩሂ" አለች። "እነሱ ሁለት ቃል መማር አያቅታቸውም።" ለልጆቹ አስተማርናቸው። ግራ ቀላል ነበር። ቀኝ ላይ ግን ተሰቃዩ፤ ኬይላ "ኬኝ" እያለች አንድ ሳምንት ሙሉ በየሄደችበት ስትለማመድ ከረመች፤ እናቷ ሳል መስሏት ኮሮና ተመርመሪ ብላታለች።

ኮች ዳና አንድ ቀን ጆሮዋን ቀስራ ሰማችን። "ምንድን ነው የምትለው?"

"ግራ ማለቷ ነው" አለች ሬኔ።

"ቋንቋው አያገባኝም። ኬይላ ስትዞር ነው ማየት የምፈልገው።" ብላ ሄደች። አሰልፍሻለሁም አላለችም፣ አላሰልፍሽምም አላለችም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ሆነ። አዳራሹ ተከፈተ፣ ተመልካች ግን የለም። ወንበሮቹ ላይ ከካርቶን የተቆረጡ ፊቶች ተደርድረው ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግ ይላሉ። የጫማ ሲጢጥታ ጣሪያ ደርሶ ይመለሳል። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁለቱም ቡድን ዞሮ ያያል። እማዬ ቤት ከጎረቤታችን ጋር በስልክ ነው የምታየው፤ አባዬም ከሥራ በፊት መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያል። ተጠባባቂዎች ተራርቀን ተቀመጥን። ሬኔ ከኋላችን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ ዝም ብላ። በጨዋታ ቀን አትናገርም። "የምናገረውን በሳምንቱ ውስጥ ካልጨረስኩ ዛሬ ብጮህ ዋጋ የለውም" ትላለች። ጩኸት ያስተማረችኝ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዝምተኛዋ ነበረች።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለፈ። አልተነሳሁም። ሦስተኛው ክፍል አለፈ። አባዬ ሥራ የሚገባበት ሰዓት እየደረሰ ነው እያልኩ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። አራተኛው ላይ የእኔን ቦታ የምትጫወተው ልጅ የተፈቀደላትን አምስት ፋውል ጨርሳ ወጣች። ኮች ዳና ወንበሮቹን ተራ በተራ አየች። እኔ ጋ ስትደርስ አንገቴ በልማዱ ሊደፋ ሲል ከሆዴ ያዝኩት። ዓይኗን አየሁት። ግራጫ ነው፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

"ሀያት" አለች። "ሂጂ።"

የገባሁበት የመጀመሪያው ኳስ ላይ ዝም አልኩ። አዎ፣ ዝም። ከዚያ ሁሉ ልምምድ በኋላ ባዶው አዳራሽ አስፈራኝ፤ ሰው ቢኖር ኖሮ ድምፄ ይደበቅልኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ኬይላ ተዘግታ ቀረች፣ ነጥብ ገባብን። ወደ ኋላ እየሮጥን አጠገቤ ስትደርስ የተሰፋውን ከንፈሯን በማስኳ ላይ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችልኝ።

እንደገና መጡ። ረጅሟ ልጃቸው ከቀኝ በቀስታ ተነሳች። መሬት አላየሁም፣ ቃል አልፈለግኩም። አንድ ሰው የቀረው ታክሲ ነው ያየሁት።

"ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!"

ድምፄ ካርቶኖቹን አልፎ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ። ዳኛው ሳይቀር ዞረ። ኬይላ በትከሻዋ ሾልካ ግድግዳውን ባዶ አስቀረችውና ኳሷን ነጠቀች። ወደ ፊት እየሮጠች ሳለ፣ ሳትዞር፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማት፣ "ደብዳቤሽ ደረሰኝ!" አለች።

ከዚያ ማን ዝም ያሰኘኝ! ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። የተጋጣሚ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ፤ የምለው አልገባቸውም። ሆኖም ዘግይተን ነበር፣ ተሸነፍን። ሳልደብቅ ልናገር፣ ሽንፈቱ አልተሰማኝም። ኮች ዳና በአጠገቤ ስታልፍ፣ "ነገ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጋር ትለማመጃለሽ" አለች፤ ሳትቆም ነው ያለችው፣ እንደ ተራ ነገር። ስልኬን ስከፍት ከአባዬ የድምፅ መልእክት ገብቷል። መጋዘኑ በር ላይ ሆኖ "ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!" እያለ ይጮሃል፣ ከኋላው ሰው ይስቃል።

ሬኔ አሁንም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ሲያቅፉኝ (አትተቃቀፉ ተብለን ነበር፣ ማን ሰማ) ወደሷ ዞርኩ። እጇን አላነሳችም፣ አላጨበጨበችም። በማስኳና በኮፍያዋ መሀል ያሉት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ። አየኋቸው፣ አላወረድኩም። ዓመቱን ሙሉ ብዙ አመስግኛታለሁ፤ ያን ዕለት ያልኳትን ያህል ያልኩበት ጊዜ ግን የለም፣ አንድ ቃልም አልወጣኝም።

ዓመቱን በሙሉ ተሰለፍኩ። በፈረንጆቹ በጋ ሌላ ኮሌጅ የተሻለ ሥራ ሰጣትና ሄደች። ሥራዋ እንደዚያ ነው፤ ያሳደገቻትን ልጅ ትታ ሌላ ያላደገች ፍለጋ ትሄዳለች። ስትሰናበተን ሁላችንም አለቀስን፣ እሷ ብርቱካን ትልጥ ነበር።

ዘንድሮ ተመልካች ተፈቅዷል። ካርቶኖቹ ተነስተው እውነተኛ ሰዎች እውነተኛ ጫጫታ ይዘው መጥተዋል። ኬይላ ተመርቃለች፤ አዲሶቹን ልጆች ግራና ቀኝ የማስተምረው እኔ ነኝ። አንዷ አዲስ ልጅ ሳናግራት ጫማዬን ታያለች። አልተቆጣኋትም፣ ብርቱካን ይዤላት መጣሁ።

እና ትናንት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያሳቀኝ ነገር ይህ ነው። ሬኔ ግራና ቀኝን ታውቃለች። ለልጆቿ ትነግራቸዋለች፤ ስንጣራ በየት እንደምንዞር አውቀው በሌላ በኩል ያልፉናል። ብትነግራቸው አልቀየማትም፤ ባትነግራቸው ነው የማዝንባት፣ ሥራዋ ነዋ። ስለዚህ ማታ ከአባዬ ጋር ተመካከርኩ። ሻትሉ ሥራ ስለጀመረ አሁን ማታ ማታ ቤት ነው። በቁም ነገር አሰበበትና፣ "ፒያሳን ለግራ አድርጊያት፣ ቦሌን ለቀኝ" አለ። "ቦሌ ለቀኝ ይመቻል።" ለምን እንደሚመች አልጠየቅኩትም። ዛሬ ጠዋት ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ኬኝን ከመማር ይሻላል ብለው ደስ አላቸው።

የጨዋታው ቀን ከፊቷ ቆሜ የመጀመሪያውን "ቦሌ" ስጠራ ልጆቿ ግራ ተጋብተው ወደ ወንበሩ ይዞራሉ። እሷ አትናገርም፤ በጨዋታ ቀን ተናግራ አታውቅም። እኔ ግን ዓይኖቿን አያለሁ። ቀድማ የምትስቀው በዓይኗ ነው።